ከምድር በታች በር የሚጠብቅ ሕፃን

ሰው በብርሃን ተቀምጦ ሳለ ብርሃኑን ማን እንዳበራለት፣ እሳትም እየሞቀ ማገዶውን ማን እንዳመጣለት የሚጠይቅበት ቀን ጥቂት ነው። የታላላቅ መንግሥታትን ታሪክ ስናነብም እንዲሁ ነው። መርከቡንና ባቡሩን፣ ፋብሪካውንና ድልድዩን እናደንቃለን፤ ያን ሁሉ ያንቀሳቀሰውን እሳት ከምድር ሆድ ቆፍሮ ያወጣውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ለወጣቶች ልተርክላቸው ያሰብሁት ሄጄ ስላየኋት ስለ አንዲት የከሰል ከተማ ነው። ከሰል ስል ከእንጨት የሚከስለውን የቤታችንን ከሰል ሳይሆን የድንጋይ ከሰልን ነው፤ ዘመኑንም የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከተማይቱ ብላይናቨን ትባላለች። በብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ ባለችው በዌልስ፣ ነፋስ በሚበዛበት ተራራ ጥግ ተቀምጣለች። በዚያ ስፍራ የድንጋይ ከሰል፣ ብረት ያለበት ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተቀራርበው ስለ ተገኙ፣ ሦስት ባለ ገንዘቦች ተባብረው የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሠሩ፤ ምድጃውም በ1789 ሥራ ጀመረ። ከሰሉ ለእሳቱ፣ የኖራው ድንጋይ ደግሞ ከብረቱ ጉድፉን ለመለየት ያገለግል ነበር። እንጀራ ፈላጊውም ከየአገሩ እየመጣ በተራራው ላይ ሰፈረ፤ ከተማም ሆነ።

ዛሬ ምድጃዎቹ ቀዝቅዘዋል። ቢግ ፒት፣ ማለት ትልቁ ጉድጓድ፣ የሚባለው የከሰል ማውጫም በ1980 ተዘጋ። ነገር ግን የአገሩ ሰዎች ጉድጓዱን በአፈር አልደፈኑትም፤ በ1983 ለጎብኚ ከፈቱት እንጂ። በ2000 ደግሞ ከተማይቱና አካባቢዋ ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገቡ።

ወደ ጉድጓዱ ከመውረዳችን በፊት ክብሪትና በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ከኪሳችን ወጥቶ ተቀመጠ። ከከሰሉ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በተጠራቀመ ጊዜ ትንሽ ብልጭታ እንኳ ያፈነዳዋልና ነው። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ቆብና መብራት ተሰጥቶን፣ በአሳንሰር 90 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረድን። የመሩን ሽማግሌ ቀድሞ ከሰል ቆፋሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለ ድካሙ ሲነግሩን አላለቀሱም፤ ሥራው ከባድ ቢሆንም የሚያፍሩበት እንዳልነበረ ከአነጋገራቸው ይታወቅ ነበር። ጋሪ ይጐትቱ የነበሩት ፈረሶች የሚያድሩበትን ጋጣ አሳዩን፤ የፈረሶቹም ስም ከየጋጣው በላይ ተጽፏል።

ጥቂት እንደ ሄድን ሽማግሌው መብራታችንን እንድናጠፋ አዘዙን። እጄን በዓይኔ ፊት ባነሣ አላየኋትም። ሌሊት እንኳ ኮከብ አለው፤ ያ ጨለማ ግን ምንም የለውም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ቆመን ሳለን፣ በቀደመው ዘመን በዚያ አገር ጉድጓዶች ውስጥ በር ስለሚጠብቁ ሕፃናት ነገሩን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር በታች ያለው ሰው የሚተነፍሰው አየር በየመንገዱ እንዲዳረስና ክፉው ጋዝ እንዳይጠራቀም፣ በመተላለፊያው ላይ የእንጨት በሮች ይደረጋሉ። በሩ ጋሪ ሲመጣ መከፈት፣ ሲያልፍም ወዲያው መዘጋት አለበት። ይህ ሥራ ጉልበት አይጠይቅም ተብሎ ለሕፃናት ይሰጥ ነበር፤ ከእነርሱም ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ነበሩበት። ሕፃኑ ገመድ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ ያለ መብራት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻውን ይቀመጣል። እንቅልፍ ቢወስደውና በሩ ክፍት ቢቀር ግን የብዙ አባቶች ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ ያን የሚያህል ሸክም የተጫነው በዚያች በትንሿ እጅ ላይ ነበር።

የሚያስገርመው በብላይናቨን ለሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት የተሠራው በ1816 መሆኑ ነው። ሣራ ሆፕኪንስ የተባለች ሴት ለሟቹ ወንድሟ መታሰቢያ አሠራችው። የፊደል ጥቅም ያልታወቀበት ዘመን አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን በብሪታንያ ብዙ ሕፃናት ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ጉድጓድ ወርደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይወጡ ነበር። ደግ ሰው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ግፉ የሚፈጸመው ከምድር በታች ስለ ሆነ ዓይን አላየውም።

የታየውም በኀዘን ምክንያት ነው። በ1838 በእንግሊዝ ሐስካር በሚባለው ጉድጓድ ብርቱ ዝናብ ጣለ፤ ሕፃናቱም ለመውጣት ሲሞክሩ ጐርፍ ገብቶ ከአየር መቆጣጠሪያው በር ጋር አጣበቃቸው። 26 ልጆች ሞቱ፤ የሁሉም ታናሽ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1840 መርማሪዎች ተሾሙ። እነርሱም ወደየጉድጓዱ ሄደው ሕፃናቱን ራሳቸውን ጠየቁ፣ ቃላቸውንም ጻፉ፤ በ1842 ያወጡት መግለጫ ሥዕል ያለበት ነበርና፣ በእሳት ዳር ተቀምጦ ያነበበ ሰው ሁሉ ደነገጠ። በዚያው ዓመት ሎርድ አሽሊ ለፓርላማ ባቀረቡት ሕግ ሴቶች ሁሉና ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ።

ይሁን እንጂ ሕግ ተጻፈ ማለት ተፈጸመ ማለት አይደለም። ለመላው አገር የተሾመው ተቆጣጣሪ አንድ ብቻ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም በዚያው በዌልስ፣ በሰንገኒድ፣ በ1913 ጋዝ ፈንድቶ 439 ቆፋሪዎችና አንድ ሊያድን የገባ ሰው ሞቱ። በ1911 የወጣው ሕግ የጉድጓዱን አየር አቅጣጫ የሚገለብጥ መሣሪያ እንዲገጠም አዝዞ ነበር፤ አልተገጠመም። ሥራ አስኪያጁም የተቀጣው 24 ፓውንድ ነው።

ሠራተኞቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በብላይናቨን እስከ ዛሬ ከሚታዩት ሕንፃዎች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የሠራተኞች አዳራሽ ነው። ባለጠጋ አልሰጣቸውም፤ ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ መጻሕፍት የሚነበቡበትን፣ ስብሰባ የሚደረግበትን ቤት ራሳቸው አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ቀን በጨለማ የሚውለው ሰው ማታ መብራት አብርቶ የሚያነብበትን ቤት ማሠራቱ ምን ያህል ብርሃን እንደ ጠማው ያስረዳል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዝ። የመጀመሪያው፣ ያልታየ በደል አይታረምም። ለሐስካር ልጆች እንባ ያፈሰሰ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሕጉን ያመጣው ወርዶ የጠየቀው፣ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ የጻፈው ሰው ነው። አንተም ማንበብና መጻፍ ተምረሃል፤ ይህ የተሰጠህ ለራስህ መተዳደሪያ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው፣ አገር የሚከበረው ቤተ መንግሥቱንና የድል ሐውልቱን በመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ የደከሙበትን፣ የተጐዱበትንም ስፍራ ሳይደብቅ ሲያቆይ ነው። ብላይናቨን ጉድጓዷን ብትደፍነው ኖሮ ትዝታው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ዛሬም የምንለብሰው፣ የምንበላውና የምንገለገልበት ዕቃ ሁሉ የሰው እጅ ያለፈበት ነው። ዋጋውን ስትጠይቅ ስንት ብር ነው ብለህ አትብቃ፤ ማን ደከመበት ብለህም ጨምር። ይህን መጠየቅ የማያፍር ትውልድ፣ ሕፃን በጨለማ አስቀምጦ በብርሃን አይደሰትም።