በአንድ ዘጠነኛ ልክ የተሠራ ቤት

በአምስተርዳም ከተማ በራይክስ ሙዚየም ውስጥ ቁመቱ 255፣ ወርዱ 190፣ ጥልቀቱ 78 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን ይገኛል። ላዩ በባሕር ኤሊ ቅርፊትና በቆርቆሮ ቅይጥ ጌጥ የተለበጠ ነው። መዝጊያው ሲከፈት ግን የሚታየው ልብስ ሳይሆን፣ ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት የባለጸጋ ቤት ከነሙሉ ዕቃው ነው። ያሠሩት ወይዘሮ ፔትሮኔላ ኦርትማን ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1686 ዮሐንስ ብራንት የተባለውን የሐር ነጋዴ አግብተው ከዚያው ዓመት ገደማ አንሥቶ እስከ 1710 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆይተዋል። የወጣበት ገንዘብ ከ20,000 እስከ 30,000 ጊልደር ይገመታል፤ ይኸውም በዘመኑ በከተማው ቦይ ዳር እውነተኛ ቤት የሚገዛ ነበር።

«የአሻንጉሊት ቤት» የሚለው ስም አሳሳች ነው። የባቫርያው መስፍን አልብረኽት 5ኛ በ1558 ያስጨረሱት መሰል ቤትም የተቀመጠው ከጥበብ ስብስባቸው ጋር እንጂ ከልጆች መጫወቻ ጋር አልነበረም።

ለመሐንዲስ ዋናው ቁም ነገር መጠኑ ነው። ዕቃዎቹ በ1 ለ9 ልክ ገደማ ተሠርተዋል። ርዝመት በ9 ሲካፈል ይዘት በ729 ይካፈላል፤ በገዛ ክብደት የሚመጣው ጫናም ስለሚቀንስ ትንሿ ወንበር በራሷ ክብደት የመሰበር ሥጋት የለባትም። ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። የ18 ሚሊ ሜትር ሳንቃ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በመሳቢያና በማቀፊያው መካከል የሚተወው የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ወደ 0.11 ይወርዳል። የእንጨቱ ቀዳዳ፣ የኮላውና የቨርኒሹ ውፍረት ግን አብረው አያንሱም። ኦክን የመሰለ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው እንጨት በትንሽ ዕቃ ላይ ነቀዝ የበላው ይመስላል፤ ስለሆነም ለደቃቅ ቅርጽ ጠጣርና ልሙጥ እንጨት ይመረጣል። በአገራችን ዋንዛንም ወይራንም በመሮ የሞከረ አናጢ ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የብረታ ብረቱ ሥራ ከዚህ ይብሳል። ለአንዲት ማጠፊያ ስስ ናስ ተቆርጦ፣ ጆሮዎቹ በሽቦ ላይ ተጠቅልለው፣ ትርፉ በሞረድ ይነሣል፤ ሽቦው ራሱ ዘንግ ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ ካልዋሉ መዝጊያው ይነክሳል። በትልቅ በር ላይ የሚታለፈው የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት እዚህ የአራት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከቅርጽ አውጪው ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ምናልባት ይኸ የሞረድ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ካማረለት ማንም አያየውምና።

ወይዘሮዋ ሸክላውን ሳይቀር ከቻይና በልኩ አስመጥተዋል። በ1710 ገደማ ሠዓሊው ያኮብ አፐል ቁም ሣጥኑን ከነዕቃው በብራና ላይ ስሎታል። የሠዓሊው ስም ሲታወቅ ወንበሮቹን የጠረቡትና ማጠፊያዎቹን የሞረዱት አብዛኞቹ ባለሙያዎች ስማቸው አልተጻፈም። በሥዕሉ ላይ በየክፍሉ የሚታዩት የሰም አሻንጉሊቶች ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፤ ወንበሮቹ ግን በየቦታቸው ናቸው።