ሲሠራ የሚታረም ልብስ፦ የቤት ውስጥ ሹራብ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ገለጻዬ ስለ ሹራብ መሆኑን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አልነቅፋችሁም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት በዚያው ወገን ነበርሁ። በታሪክ ትምህርት ያደግነው ዜና መዋዕልን፣ ውልንና ደብዳቤን እየመረመርን ነው። ምድጃ ዳር በሁለት መርፌና በአንድ ድውር ክር የሚሠራ ልብስም የታሪክ ምንጭ ነው ብሎ ያስተማረን አልነበረም። የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ጥልቁ ዕውቀታቸው የሚገኘው ንድፉን በሥራ ላይ ሳሉ በሚያርሙበት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም ተጽፎ የሚገኘው በልብሱ ላይ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ ሹራብ ስንል በመጀመሪያ የሚታሰበን ደረትና ክንድ የሚያሞቀው ልብስ ነው። ነገር ግን ካልሲንም «የእግር ሹራብ» እንለዋለን፤ ግብፃውያንም በዕለት ተዕለት ዐረብኛቸው ካልሲን የሚጠሩት ለዚህ በሚቀርብ ቃል ነው። እስካሁን ከሚታወቁት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከልም ከግብፅ የተገኙ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ የጥጥ የእግር ሹራቦች አሉ። እግር ለልብስ አስቸጋሪ አካል ነው፤ ተረከዝ ላይ ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀጥናል። ስለዚህ ይህ ሙያ ገና ከጥንቱ ከሰው አካል ልክ ጋር ሲደራደር የኖረ ነው።

ከእኛ ሸማ ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ሸማኔ የሚሠራው ጋቢ አራት ማዕዘን ነው፤ ልኩን የሚያገኘው ለባሹ አጣፍቶ ሲደርበው ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ያለቀ ጨርቅ ተቀብሎ በመቀስ ቅርጽ ያወጣለታል። ሹራብ ሠሪዋ ግን ጨርቁንና ቅርጹን በአንድ ጊዜ ትፈጥራለች። መርፌዋ ላይ በተሰለፉት የክር ቀለበቶች ላይ ስትጨምር ልብሱ ይሰፋል፤ ሁለቱን አንድ ስታደርግ ይጠባል። ስሕተት ያየች እንደሆነ ክሩን ትመዛለች፤ ልብሱም ተመልሶ ክር ይሆናል። መቀስ የቆረጠው አይመለስም፤ መርፌ የሠራው ግን ይመለሳል። በሥራ መካከል ሐሳብን መለወጥ የሚቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የታተመ ንድፍ ወደዚህ ሙያ የገባው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝኛ ከሚታወቁት ቀደምት መመሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1655 ለንደን ውስጥ ታትሟል፤ የእግር ሹራብ አሠራርን የሚያስረዳ ሲሆን፣ ሥራውን አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው እጅግ ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1840 ደግሞ በኤድንብራ ክር ትነግድ የነበረችው ጄን ጎገን የራሷን ምልክቶች ተጠቅማ የሹራብ መመሪያ መጽሐፍ አወጣች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እየበዙ ሲሄዱ ንድፍ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሆነ።

ንድፍ ግን የሚናገረው ስለ አንድ እጅና ስለ አንድ ክር ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት እንዲገባ የታሰበ የ200 ቀለበት ሹራብ የደረት ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክሩን ላላ አድርጋ የምትይዝ ሴት በዚያው ርዝመት 18 ቀለበት ብቻ ካስገባች ግን ልብሱ ከ111 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሴትዮዋ መመሪያውን አንድ በአንድ ፈጽማለች፤ ልብሱ ግን ለታሰበለት ሰው አይሆንም። እንግዲህ ንድፉን ብቻ የሚያነብ የታሪክ ተመራማሪ የሚያገኘው ትእዛዙን ነው፤ የተፈጸመው ምን እንደ ሆነ አያውቅም።

እርማት በልብሱ አሠራር ውስጥ አስቀድሞ የታሰበበትን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ይለብሱት የነበረው ጋንዚ የተባለው ሹራብ እጅጌው የሚሠራው ከትከሻ ወደ አንጓ እየተወረደ ነው። ቶሎ የሚበላው የእጅጌው ጫፍ ነውና፣ ባለቤቲቱ ጫፉን ትፈታለች፣ ያለቀውን ክር ትጥላለች፣ በአዲስ ክርም ትቀጥላለች። ሠሪዋ ገና ስትጀምር ልብሱ ነገ እንደሚፈታ ታውቃለች።

ስለዚሁ ልብስ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክም አለ፤ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ጌጥ ስለ ነበረው ባሕር የበላው ሰው አስከሬን በሹራቡ ይለይ ነበር ይባላል። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ ደካማ ነው። ስለ አየርላንድ ሹራብ ተመሳሳይ ወሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1904 ደብሊን ውስጥ ለመድረክ የበቃው የጆን ሚሊንግተን ሲንጅ ተውኔት ነው። ተውኔቱን ስናነብ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የሰጠመው ወንድም የሚታወቀው በእግር ሹራቡ ነው፤ እኅቱ የለየችውም የጀመረችበትን የቀለበት ቁጥርና በሥራ ላይ የጣለቻቸውን ቀለበቶች አስታውሳ ነው። አፈ ታሪኩ የመንደርን ምልክት ፈለገ፤ ደራሲው ግን የአንዲት ሴትን ግድፈትና ትውስታ አስቀመጠ። እኔ ከደራሲው ጋር እቆማለሁ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ዕውቀት በግልጽ ቋንቋ ከጻፉት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችው ኤልሳቤጥ ዚመርማን ናት። እርሷ ያስተማረችው ስሌት ከደረት ዙሪያው ይነሣል። የደረቱን ቀለበት መቶ በመቶ ብንለው የእጅጌው ጫፍ 20 በመቶ፣ የላይኛው ክንድ 33 በመቶ ገደማ፣ አንገቱ 40 በመቶ ይሆናል። ለ200 ቀለበት ሹራብ 40፣ 66 እና 80 ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እጅና ዓይን ይወስናሉ። እንዲህ ሲሆን ሠሪዋ የሌላ ሰው ትእዛዝ ፈጻሚ መሆኗ ይቀርና የራሷ ሥራ ባለቤት ትሆናለች።

በመጨረሻ ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ንድፍ አይታ አታውቅም። ለትምህርት ቤት የሠራችልኝ ሰማያዊ ሹራብ እጅጌው ላይ ቀይ፣ ቀጥሎም አመድማ ቀለበት ነበረው። ክንዴ በረዘመ ቁጥር ጫፉን እየፈታች የተገኘውን ክር ስለምትቀጥልበት ነው። እኔ በቀለሙ አፍር ነበር፤ እጅጌውን አጥፌ እደብቀው ነበር። በኋላም ያለቀለት ልብስ ነው ብዬ ራሴ ለወለል መወልወያ ሰጠሁት። ዛሬ ቢገኝ የሦስት ዓመት እድገቴን፣ በየዓመቱም በቤታችን የተገኘውንና የታጣውን ክር በቅደም ተከተል አነብበት ነበር። ስለ እርሷ ኑሮ በጽሑፍ የቀረኝ ነገር የለም። ሰነዱን ያጠፋሁት እኔው የታሪክ መምህሩ ነኝ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሰልባጅ በርክሶ በየገበያው ሲሞላ ቤት የሚሠራው ሹራብ ከብዙ ቤቶች እየወጣ ነው። ለእረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የእናቶቻችሁንና የአያቶቻችሁን ሣጥን አስከፍቱ። ልብሱን ገልብጣችሁ የውስጡን ተመልከቱ፤ ክሩ የት እንደ ተቀጠለ፣ ቀለበቱ የት እንደ ተጨመረ መዝግቡ። ከዚያም ሠሪዋን «እዚህ ላይ ለምን ለወጥሽው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አያት ከሆኑ ደግሞ «እማማ፣ ለምን ለወጡት?» በሉ። መልሱን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።