ጠበቃው ኃይለማርያም ገመዳና የአርሲ ስብሰባዎች

አሰላ ስትነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሱን ሯጮቿና የስንዴ ማሳዋ ናቸው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስታውሳቸው የወደድኩት ግን ስማቸው ከአካባቢው የፖለቲካ ታሪክ ጋር የተያያዘውን ጠበቃ አቶ ኃይለማርያም ገመዳን ነው።

አቶ ኃይለማርያም በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር የሕግ ሰው ነበሩ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሲሆኑ፣ ቆየት ብሎ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ተቀላቀሉ። በዘመኑ የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም የማይታሰብ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ማኅበራትን ይፈቅዳል። መሥራቾቹም በዚሁ በር ገብተው፣ ከአባላት በሚሰበሰብ መዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ተነሡ።

ጉዳዩ የከረረው በ1958 ዓ.ም. ማኅበሩ አርሲ ውስጥ ስብሰባ መጥራት ሲጀምር ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኢተያ የተደረገው ስብሰባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶበታል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። አርሲ በምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ መሬቱ በአብዛኛው ለባለሥልጣንና ለነፍጠኛ ተሰጥቶ፣ ገበሬው ከምርቱ እስከ እኩሌታ የሚከፍል ጭሰኛ ሆኖ ነበር።

መንግሥት ዝም አላለም። በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያ ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ መሪዎቹ ታስረው ተከሰሱ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። የሕግ ተማሪው መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በ1961 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። በጄኔራል ታደሰ ላይ የተፈረደው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። አቶ ኃይለማርያም ደግሞ በእስር የደረሰባቸው ሥቃይ ለሞት እንዳበቃቸው ይነገራል።

የአርሲ ጭሰኛ ችግር ግን ከማኅበሩ ጋር አልተዘጋም። በስዊድን ዕርዳታ በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ፣ እርሻው ያዋጣቸው ባለርስቶች በትራክተር እያረሱ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት ረቂቅ ሕግም ባለርስቶች በበዙበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ። በተከታዩ ወር ግን ጄኔራል ታደሰን ያው ደርግ ረሸናቸው። እኔ እንደማምነው፣ የኃይለማርያም ታሪክ ለሕግ ባለሙያዎቻችን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው የተመዘገበ ማኅበርና የጸደቀ ደንብ ይዘው ነበር፤ ያንን የሚያስከብር ነፃ ፍርድ ቤት ግን አልነበረም።