«ግሪን»፦ ጥርስን የሚያሳየው ፈገግታ ከየት መጣ?

ጫግኒ፦ «ግሪን» በእንግሊዝኛ ጥርስ እስኪታይ ድረስ በሰፊው ፈገግ ማለት ነው። አረንጓዴን ከሚያመለክተው ቃል ጋር በፊደላችን ቢመሳሰልም፣ ይህኛው አጠር ተደርጎ የሚነገር ሌላ ቃል ነው።

የቃሉ መነሻ ደስታ አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ግሬኒያን» የሚባለው ግስ በሕመም ወይም በቁጣ ጥርስን ማሳየትን ይገልጽ ነበር። የሰፊ ፈገግታን ትርጉም የያዘው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ግራይነን» ዛሬም ማልቀስና መነጫነጭ ማለት ነው። እኛ ችግርን «ጥርስን ነክሶ መቻል» የምንለውን እንግሊዞች በዚሁ «ግሪን» መግለጻቸው የጥንቱ ትርጉም ጨርሶ እንዳልጠፋ ያሳያል።

በአማርኛ «ፈገግ አለ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ፈገግታ ከንፈር ሳይገለጥም ይሆናልና። ለጥንቱ ትርጉም የሚቀርበው «አገጠጠ» ነው። የተቆጣ ውሻ ጥርሱን ያገጥጣል። አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ድንጋዩ የወጣበት ማሳም «ያገጠጠ መሬት» ይባላል፤ እዚያ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። «አገለፈጠ» ደግሞ ነቀፋ ነው፤ «ምን ያገለፍጥሃል?» የተባለ ልጅ እየተወደሰ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለዚህ በጫግኒም ሆነ በሌላ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ይህን ቃል ሲተረጉም አስቀድሞ የሰውየውን ስሜት ይመልከት። በደስታ የሳቁ አዛውንትን «አገለፈጡ» ብሎ ከጻፈ፣ ሳያስበው ሰድቧቸዋል። «ጥርሳቸው እስኪታይ ፈገግ አሉ» ቢል ግን ቃሉንም አዛውንቱንም አክብሯል።