«የቀን ዋጋ»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

በማንም ሳይቀጠር በሙያው የሚተዳደር ሰው ለአንድ ቀን ሥራው የሚጠይቀው ገንዘብ በአማርኛ ምን ሊባል ይገባዋል? ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያስባቸው አቻዎች «የቀን ደመወዝ» እና «የውሎ አበል» ናቸው። ሁለቱም ለጉዳዩ እንደማይስማሙ የቃላቱ አገባብ ያስረዳናል።

አስቀድመን የሠሪውን መጠሪያ እንመልከት። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ የሚሸሸውን ቅጥር እረኛ «ሞያተኛ» ይለዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15ም የጠፋው ልጅ ከአባቱ ሞያተኞች እንደ አንዱ ሊቈጠር ይመኛል። በዚህ አገባብ ሞያተኛ ማለት ተከፍሎት የሚያገለግል ቅጥረኛ ነው። ዛሬ ግን «ሙያተኛ» ስንል በዕውቀቱና በጥበቡ የታወቀ ሰው ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው «ፍሪላንስ»ም ተመሳሳይ ጕዞ አድርጓል። ቃል በቃል «ነጻ ጦር» ማለት ሲሆን፣ ዋልተር ስኮት በ1819 እ.ኤ.አ. ባወጣው «አይቫንሆ» በተሰኘ ልብ ወለድ የቅጥር ወታደሮች መጠሪያ ነበር። ኋላ ግን ራሱን ችሎ ለሚሠራ ጸሐፊና ሠዓሊ ተሰጠ።

የሠሪው ስም እንዲህ ከፍ ሲል የገንዘቡ ስም ወደኋላ መቅረት የለበትም። ደመወዝ «ይቈረጣል»፤ የሚቈርጠውም አሠሪው ነው። ዋጋ ግን «ይጠራል»፤ የሚጠራውም ባለቤቱ ነው። አበል ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ርቆ ለተላከ ሠራተኛ የምግብና የማደሪያ መደጎሚያ እንጂ የድካም ዋጋ አይደለም።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ደመወዝተኛ ሥራ በቀዘቀዘበት ቀንም ይከፈለዋል፤ የግል ሙያተኛ ግን ደንበኛ ሲፈልግ፣ ሲታመምና ሲያርፍ የሚከፍለው የለም። ለምሳሌ በዓመት ካሉት 260 የሥራ ቀኖች 130ውን ብቻ ቢሸጥ፣ የተሸጠው እያንዳንዱ ቀን ያልተሸጠውን አንድ ቀን መሸከም አለበት። ግብርና የመሣሪያ ወጪም ይታከሉበታል። «የቀን ደመወዝ» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን የወር ደመወዝን ለሥራ ቀኖች ወደማካፈል ይመራዋል፤ በዚህ ስሌት ዋጋውን የጠራ ሙያተኛም ግማሽ ዓመት በነጻ ይሠራል። ከእኛ ከተርጓሚዎች መካከል ብዙዎቻችን በዚሁ መንገድ የምናድር ስለሆንን ስሕተቱ በራሳችን ላይ ይመለሳል።

«ዋጋ የሚባለው ለዕቃ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ልብስ ሰፊውም አንጥረኛውም «የእጅ ዋጋ» ሲሉ ኖረዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ም እስከ ነገ እንዳያድር ያዘዘው የሞያተኛውን ዋጋ ነው። ስለዚህ «የቀን ዋጋ» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን፤ አዲስ ፈጠራ ሳይሆን በቋንቋው ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነውና።