አፖሎጂ ይቅርታ ነው እንዴ?

ሰሞኑን አንድ ሰባኪ የሰማዕቱ ዮስጢኖስን «አፖሎጂ» «የይቅርታ ደብዳቤ» ብሎ ሲተረጉመው ሰማሁ። እንግሊዝኛው ነው ያሳሳተው። በግሪኩ «አፖሎጊያ» ተከሳሽ ችሎት ፊት ቆሞ የሚሰጠው መልስ እንጂ የይቅርታ ሽታም የለውም። ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ለንጉሠ ነገሥት አንቶኒኖስ ፒዮስ ሲጽፍ ማንንም ይቅርታ አልለመነም። ሰው በሥራው ይጠየቅ እንጂ ክርስቲያን መባል ብቻውን እንዴት ወንጀል ይሆናል ብሎ ተሟገተ። ስለ ክርስቲያኖች ስብሰባ ለሚወራው ሐሜትም እሑድ እሑድ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ጻፈለት፦ ንባቡን፣ ጸሎቱን፣ ኅብስቱን፣ ውኃ የተቀላቀለበትን ወይን፣ ለሙት ልጆችና ለመበለቶች የሚዋጣውን ገንዘብ ሳይቀር። (እንዲህ ያለ ግልጽ ደንበኛ የማይመኝ ጠበቃ የለም።) ያም ሆኖ በ165 ገደማ ሮም ውስጥ በከተማዋ ሹም በሩስቲኮስ ፊት ቀርቦ ሞት ተፈረደበት።

የእኛ ሰዎች «ዕቅበተ እምነት» ይላሉ። «ዐቀበ» ጠበቀ ነውና ለትምህርቱ ዘርፍ ያምራል። ከዚያው ሥር የወጣው ዐቃቤ ሕግ ግን ዛሬ ችሎት ላይ ከሳሽ ነው፤ ዮስጢኖስ የቆመው ከወዲያ ማዶ ነበር። ስለዚህ ለመጽሐፉ «የእምነት ሙግት» ቢባል እመርጣለሁ፤ «የመከላከያ መልስ» ቢባልም አልከፋም።