ቪታሚንና የነቀርሳ ተመልሶ መምጣት፤ የአንድ ተስፋ ታሪክ

የነቀርሳ (ካንሰር) ሕመምተኛ ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ከቆየው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ነፋስ ስልክ ቤቱ ሲመለስ፥ እግዚአብሔር ይማርህ ሊሉ ከሚመጡት ጠያቂዎች አንዱ የቪታሚን ብልቃጥ ይዞለት መምጣቱ አይቀርም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከጥንቱ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ስለ ቪታሚኑ የሚነገረውም ወሬ ምንጩ እንዲሁ አይታይም። እኛም ክኒኑ በሽታው እንዳይመለስ ያደርጋልን? ስንል የነገሩን ታሪክ ተከታትለናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካዚሚር ፉንክ በ1912 ለቪታሚን ስም ካወጣለት ወዲህ፥ ቤሪቤሪንና ስከርቪን የመሰሉ በሽታዎች ከምግብ ጕድለት መምጣታቸው እየታወቀ ሄደ። ጕድለትን የሚያድን ነገር ሲበዛ ሌላውንም በሽታ ያድናል የሚለው ተስፋ የመነጨው ከዚህ ነው። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ፈጥኖ መጥቷል። በቦስተን ዶክቶር ሲድኒ ፋርበር የደም ነቀርሳ ለያዛቸው ሕፃናት ከፎሊክ አሲድ ወገን የሆነ ቪታሚን ቢሰጥ በሽታው የተፋጠነ መስሎ ታየው። ስለዚህ ነገሩን ገልብጦ የዚያን ቪታሚን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሰጠ፤ በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ከ16 ሕፃናት 10ሩ ለጊዜው ተሽሏቸው እንደ ነበር ገለጠ። የነቀርሳው ሕዋስም እንደ ጤነኛው ሁሉ ቪታሚን ይሻልና።

ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሊነስ ፖውሊንግ ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከካሜሮን ጋር በ1976 ቪታሚን ሲ የነቀርሳ ሕመምተኞችን ዕድሜ ያራዝማል ብለው ጻፉ። ያነጻጸሩት ግን ከቀድሞ መዝገብ ከተለቀሙ ሰዎች ጋር ነበር፤ ይህ በእኛ አስተያየት ከባድ ጕድለት ነው። የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ1979ና በ1985 በዕጣ ከፍለው ሲፈትኑት ጥቅም አላገኙበትም። ወሬው ግን የሽልማቱን ክብር ተከትሎ ሄደ።

ስለ መመለሱ በቀጥታ የጠየቁትም አሉ። በ1990 በአሜሪካ የቆዳ ነቀርሳ ይዟቸው የነበሩ 1,805 ሰዎች ለአምስት ዓመት ቤታ ካሮቲን ወይም ባዶ ክኒን ሲወስዱ መቆየታቸው ታተመ፤ አዲስ የቆዳ ነቀርሳ በማውጣት ረገድ ልዩነት አልታየም። በ1994 ፊንላንድ ውስጥ ቤታ ካሮቲን በወሰዱ ትምባሆ አጫሾች የሳንባ ነቀርሳ በ18 በመቶ በዛ። በካናዳ 540 የራስና የአንገት ነቀርሳ ሕመምተኞች ከጨረር ሕክምና ጋር ሲፈተኑ፥ ቪታሚኑን በሚወስዱበት ጊዜ ሁለተኛ ነቀርሳ ያወጡት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በዝተው እንደ ተገኙ በ2005 ተገለጠ። ጃፓናውያን በ2019 ያሳተሙት የቪታሚን ዲ ፈተናም በ417 ሰዎች ላይ ተደርጎ፥ የታየው ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ስንል ቪታሚን ሁሉ ይጣል ማለታችን አይደለም። ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ቪታሚን ቢ 12ን ከምግብ ማግኘት ስለማይችል፥ ዕድሜ ልኩን በመርፌ ወይም በሌላ መንገድ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ግን ሐኪሙ መርምሮ የሚያዝዘው የጕድለት መተኪያ እንጂ፥ ጠያቂ በብልቃጥ ይዞት የሚመጣው አይደለም፤ ሕመምተኛው ብልቃጡን ከመክፈቱ በፊት ለሐኪሙ ቢያሳየው ግን የሚከፍለው ነገር የለም።